ፈጥኖ የተቀዳው ሰው

ጎን ሀ

1

«ሙሉውን ነው የምናወጣው።»

ሐኪሙ ይህን ያለው ሁለት ጣቱን በራሱ ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ነው። አባቴ ወዲያው ገባው። እኔ ግን፣ ፋርማሲስት ሆኜ ስንቱን የጉሮሮ መድኃኒት በመስኮት ያቀበልኩት ሴትዮ፣ «ምኑን ሙሉውን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማንቁርቱን። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በምንከፍተው ቀዳዳ ነው። ንግግር በልምምድ ትንሽ ትንሽ ሊመጣ ይችላል። ዘፈን ግን…»

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጀምሮ መጨረስ ከበደው። አባቴ አገዘው።

«አይኖርም በላ፣ ልጄ። ምን ታፍራለህ?»

ከዚያ አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። ከመዝፈን የመጣ ነው ወይ አለ። ሐኪሙ አይደለም፣ እንዲህ ያለው በብዛት ከሲጋራ ነው አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነው ያስታውቅ ነበር። ቀጠሮው ለሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ተያዘ።

2

አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ እንዲህ ቁርጥራጭ አልነበረም። ወጉን የጠበቀ የሕይወት ታሪክ ነበር፤ ተወለደ፣ አደገ፣ ዘፈነ የሚል። ያዘዘኝ ኮሚቴ ነው፣ አባቴን ለማመስገን የተቋቋመ ኮሚቴ። የምስጋናው ዝግጅት ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው እሁድ ከሰዓት በአንድ ትልቅ አዳራሽ ይካሄዳል፤ ከየአገሩ የመጡ ዘፋኞች የእሱን ዘፈኖች ያቀርባሉ፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ አንድ ዘፈን ይዘፍናል ተባለ።

ጻፍኩላቸው። መለሱልኝ። «ትንሽ ያሳዝናል፤ ደመቅ ይበል» ይላል ከላይ በቀይ።

ደማቁን ሰጠኋቸው። «ይርዳው ወልደሰንበት፣ በአድናቂዎቹ አጠራር ይርዳው ብርሌ፣ የአፍሪካን ቀንድ በአንድ ካሴት ያስለቀሰ ታላቅ ድምፃዊ» እያለ የሚቀጥለው የእኔ ነው። ውሸት የለበትም፤ ግን አፍሬበታለሁ። ከዚያ የተረፈው ነው እዚህ ያለው። ትርፍራፊ ስለሆነ ዳርና ዳሩ አይገጥምም፤ አልታገልኩትም።

3

ብርሌ ያሉት በድምፁ ነው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ቢነኩት የሚሰበር የሚመስል። በደርግ ጊዜ «አዋሽ ጣቢያ» የተባለው ካሴቱ ሲወጣ፣ እንደዚያ ያለ የወንድ ድምፅ ሰው ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ባቡሩ ጮኸና ከአዋሽ ሲነሳ፣
እኔ ቀረሁ እንጂ ልቤ ምኑን ረሳ።

ካሴቱ ራሱ ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ወረደ። በጭነት መኪና መተማን ተሻግሮ ኦምዱርማን ገባ። ማን እንዳደረሰው እንጃ፣ ሞምባሳም የሠርግ ባንዶች ይጫወቱት ነበር አሉ። ቃሉን የማያውቁ ሰዎች ድምፁን ተማሩት። ጉሮሮን ጠበብ፣ አገጭን ቀና፣ ከዚያ ወደ ላይ። በአራትና በአምስት አገር ልጆች እንደዚያ መዝፈን ጀመሩ፤ የእነሱ ተማሪዎችም ከእነሱ ወሰዱት። ዛሬ ሬዲዮ ከፍተህ አንድ ወጣት ጉሮሮውን አንቆ «ወይ ፍቅሬ» ሲል ከሰማህ፣ አባቴን አያውቀው ይሆናል፤ የሚዘፍነው ግን በአባቴ ነው።

በቅርቡ ደግሞ አንድ የአውሮፓ ልጅ «ልቤ» የምትለዋን ብቻ ቆርጦ፣ ከበሮ በማሽን አስገብቶባት፣ ጭራሽ አፍጥኖ አወጣት። ከፋርማሲያችን ጎን ያለው የልብስ መደብር ቀኑን ሙሉ ያጫውታታል። ልቤ ልቤ ልቤ ልቤ። ደንበኛ ስለ ሳል ሽሮፕ እያማከረኝ አባቴ ከጎረቤት እንደ ጫጩት ይጮኻል።

4

ቤታችን ውስጥ ዘፈን አልነበረም።

ሰው ይህን አያምነኝም። «የይርዳው ልጅ! በዘፈን ነዋ ያደግሽው!» ይሉኛል። ያደግሁት በዝንጅብልና በማር ነው። አባቴ ሥራ ውሎ ሲመጣ አንገቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም ታሰኘናለች። ጉሮሮው ያመው ነበር፤ ሁልጊዜ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳን ዘፍኖልኝ አያውቅም። አልፎ አልፎ ሲያወራ ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው። ልጅ ሆኜ የደከመ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ ደህናውን ለሕዝብ ሰጥቶ የተረፈውን ለእኛ ያመጣ። እቀየመው ነበር።

5

ሰው ሊቀደድ ነው ሲባል ጠያቂ ይበዛል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ እግዜር ይማርህ ይላል፣ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ያስቀየምኩህ ነገር ካለ» ይላል። ታማሚው «ኧረ ምንም» ይላል። በምን እንዳስቀየመ ግን ማንም አይናገርም፤ ወጉም አይደለም።

ጋሽ ሸምሱ ተናገሩ።

ሐሙስ ጠዋት ነው የመጡት። መርካቶ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው፣ «አዋሽ ጣቢያ»ን አባዝተው ያወጡት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ መድረስም አልጠበቁ፤ እንደተቀመጡ ጀመሩት።

«ይርዳው፣ አላህ ይማርህ። አንድ ነገር አለ በኔና ባንተ መሃል።»

«በል እስቲ።»

«ያን ካሴት ስናወጣ፣ የቀዳኸው ዘፈን ለአንድ ካሴት በዛብኝ። የመጨረሻው መሃሉ ላይ ይቆረጣል። አንዱን ላስቀር ብል ሁሉም ልጄ ልጄ ነው። ዋናውን ቅጂ የሚያጫውተው ቴፕ ደግሞ ከኋላው አንዲት ትንሽ ብሎን አለችው፤ በካቻቪቴ ዞር ስታደርጋት ሞተሩ ይፈጥናል። ነካኋት።»

«ነካሃት» አለ አባቴ።

«ትንሽ ነው ያዞርኳት። ሁሉም ዘፈን ገባ። ግን ድምፅህ ቀጠነብኝ። በኋላ አስተካክላለሁ ስል ሰው ወደደው። ይርዳው ብርሌ ሲሉህ እኔ ምን ልበል? ወላሂ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ውስጤን ይበላኛል። ይቅር በለኝ።»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪበርድለት ጠበቅን።

«ሸምሱ፣ እኔ እኮ ካሴቱ የወጣ ሳምንት ነው ያወቅሁት።»

ጋሽ ሸምሱ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንተስ?»

ብርቱካን ልጬ አቀረብኩ፤ የበላ የለም።

6

ካሴቱ ቤትህ ካለ እንዲህ አድርግ።

ስልክህ ላይ ቅዳው። ፍጥነት የሚቀንስ ማጫወቻ ጫን፤ በነጻ ሞልቷል። ዝቅ አድርገው። ትንሽ ዝቅ። ከበሮው እንደ ሰው መራመድ ሲጀምር እጅህን አንሳ።

ስማ።

እኔ ጋሽ ሸምሱ በሄዱበት ቀን፣ ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ አደረግሁት። ሳክስፎኑ ተረጋጋ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ወንድ መዝፈን ጀመረ። ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ልጅ። ሲያዝን አይጮኽም። አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ የደረሰበትን ቀስ ብሎ ሲነግርህ እንደዚያ ነው።

ድምፁን አውቀው ነበር። ፎጣ ጠምጥሞ «ልጄ፣ እራት በላሽ?» የሚለኝ ድምፅ ነው።

አባዬ።

መድኃኒት ሊገዛ የቆመው ሰው «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና አልነበርኩም።

7

(ዓርብ ከሰዓት፣ ሳሎናችን። በስልኬ የቀዳሁት ነው።)

እኔ፦ እንዴት አወቅህ?

አባዬ፦ ታክሲ ውስጥ። ያቺ ትንሿ ፊያት፣ ሰይቼንቶ ናት። ሹፌሩ ከፍቶታል። ግጥሙ የኔ፣ ሳክሱ የኛ ልጅ። ዘፋኙን ግን አላወቅሁትም። ጎበዝ ነው ብዬ ቀናሁ።

እኔ፦ በራስህ?

አባዬ፦ ምን ላድርግ። ኋላ ሲገባኝ ለሹፌሩ «እኔ እኮ ነኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ወንድም፣ ያንተ ድምፅ የጭነት መኪና ነው» አለኝ።

እኔ፦ ለጋሽ ሸምሱ ለምን አልነገርካቸውም?

አባዬ፦ ልነግረው ነበር። መሃል ላይ ድሬዳዋ ሄድን።

(ሳል።)

አባዬ፦ እሁድ ከሰዓት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። በገዛ ድምፄ ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ጋ ስደርስ ከኋላ ጩኸት ተነሳ። «ይርዳውን አምጡልን!» እኔ ማይኩን ይዤ ቆሜያለሁ እኮ። «ይሄን ውሰዱልን! ይርዳውን አምጡልን!» ጠርሙስ ሁሉ ወረወሩ።

እኔ፦ ምን አደረግህ?

አባዬ፦ ወደ ባንዱ ዞሬ አንድ ቶን ጨምሩ አልኳቸው። ጉሮሮዬን አንቄ ወጣሁበት። ሕዝቡ አበደ።

እኔ፦ ከዚያስ?

አባዬ፦ ከዚያማ አልወረድኩም።

(ውጭ መኪና ያልፋል።)

እኔ፦ እስቲ ይሄን ስማው።

(ዝቅ ያደረግሁት ዘፈን ይሰማል። እስከ መጨረሻው።)

አባዬ፦ ይሄ ልጅ ጥሩ ነበር።

(ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል።)

አባዬ፦ ትርሲት።

እኔ፦ አቤት።

አባዬ፦ እሁድ በሱ ልዝፈን። አንዴ፣ ሰው ፊት። ከዚያ ይውሰዱት።

8

ጉሮሮውን ይጎዳው እንደሆነ ለመጠየቅ ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ።

«ይዝፈኑ» አለኝ። «የምንቆጥብለት ነገር የለም።»


ጎን ለ

9

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ።

ኪቦርዱን የሚጫወተው ሲራክ ነው፤ ካሴቱን እየሰማ ያደገ፣ ከአባቴ ጋር ለመጫወት ዓመታት የተመኘ ልጅ። አባቴ ቶኑን ዝቅ እንዲያደርግ ሲነግረው ዝቅ አደረገ። «ገና» አለው። ሲራክ ጥቂት ተጫውቶ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ዘፈኑ ሞተ እኮ።»

«አልሞተም። እየተነፈሰ ነው። ቀጥል።»

አባቴ ሞከረ። መጀመሪያ ጉሮሮው ለምዶበት ወደ ላይ ሸሸበት። ቆመ፣ ውሃ ጠጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደገና ጀመረ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ግን ወረደ። አንዱን ስንኝ ሙሉ ከደረቱ አወጣው፣ ሲጨርስም እንደ ልጅ ዞር ብሎ አየኝ።

ጥግ ላይ ታጁዲን ተቀምጧል። ከኦምዱርማን ለዝግጅቱ የመጣ፣ በአገሩ ስመ ጥር የሆነ ዘፋኝ ነው። አማርኛ የሚያውቀው ከአባቴ ዘፈኖች ብቻ ነው፤ ስንተዋወቅ እጄን ጨብጦ በሰላምታ ፋንታ «እኔ ቀረሁ እንጂ» ብሎኛል። ጉሮሮው ላይ ከዘፈን ብዛት ቋጠሮ ወጥቶበት ሁለት ጊዜ ተቀዷል። ዘፈን ያስተማረው ሰው «ይርዳው እዚያ ላይ ነው የሚዘፍነው፣ አንተም ውጣ» ብሎት ነው ወደ ቀጭኑ ድምፅ የወጣው።

ሲራክ ከአባቴ የሰማውን ሁሉ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ብሎኗን፣ ሞተሩን፣ ድሬዳዋን። ታጁዲን አባቴን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ የራሱን ጉሮሮ ነካ አደረገና ለሲራክ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገረው።

«ምን አለ?» አልኩት ሲራክን።

«ታዲያ እኔ ለምን ወጣሁ? ነው የሚለው።»

አባቴም ጠየቀ፣ ሲራክም ነገረው። አባቴ ተነስቶ ሄዶ ታጁዲንን ትከሻውን ያዘው። ይዞት ቆመ።

10

እሁድ የፈራሁት አንድ ነገር ነበር። «ይርዳውን አምጡልን» እንዳይሉት።

ሌላ የሚፈራ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

11

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዘፋኞቹ ተራ በተራ ወጡ፤ ሁሉም ጉሮሯቸውን አንቀው፣ ሁሉም ብርሌ። ጭብጨባው ጣሪያውን ያነሳል። እኔ መድረኩ ጥግ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሜያለሁ።

መድረክ መሪው ማይኩን ያዘ። «አሁን ራሳቸው ጋሽ ይርዳው! እንደምታውቁት ታመዋል። ድምፃቸው ቢደክም እኛ አለንላቸው፣ አይደል?»

«አለን!» አለ ሕዝቡ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወጣ። ሲራክ በዝቅተኛው ቶን ጀመረለት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

ባቡሩ ጮኸና

ከደረቱ ነው። ያ ልጅ ነው፤ አርጅቷል፣ ታሟል፣ ግን እሱ ነው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ማንም አልተሳደበም። ጠርሙስ የወረወረም የለም። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «ውይ፣ አቃተው!» አለች። እንባዋ ይወርዳል። ልታግዘው ተነሳች። ስንኙን ከፍ አድርጋ፣ በለመደችው፣ በካሴቱ ድምፅ ያዘችለት። ጎኗ ያለው ሰው ተነሳ። ረድፉ ተነሳ። ከዚያ መላው አዳራሽ ቆሞ፣ አዛውንቱም ልጁም ጉሮሮውን አንቆ፣ ከአዋሽ ሲነሳ ብሎ ወጣ። ሲራክ ተደናገጠ። ኪቦርዱ ለጥቂት ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ተጣላ፤ ከዚያ ሁለት እጁ በራሳቸው ጊዜ ወደ ላይ ተሻገሩ።

ሰው እያለቀሰ ነው የሚዘፍነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈዋል። እንደዚያ ያለ ፍቅር በሕይወቴ አላየሁም። ሰው በፍቅር ሲታፈንም አላየሁም።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። አዳራሹን አየ። ዘፋኞች እንደሚያደርጉት ማይኩን ወደ ሕዝቡ ዘረጋላቸው፤ ይበልጥ ጮኹ።

አፉ ግን አልተዘጋም።

ያለ ማይክ ይዘፍን ነበር። ከንፈሩ ከሕዝቡ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የሚሄደው በራሱ እርምጃ ነው፣ በዝግታው። አሁንም ዝቅ ብሎ እንደሚዘፍን ከደረቱ እንቅስቃሴ ያስታውቃል። ሮጬ ወደ እሱ ቀረብኩ። ልሰማው ጆሮዬን ዘረጋሁ። የሚሰማኝ ግን አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ ብቻ ነው፣ በጣም ቅርብ የሆነ፣ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ።

የእኔ ነበር።

12

ኮሚቴው ቪዲዮውን በማግስቱ አወጣው። «ብርሌው ዛሬም አልተሰበረም» ብለው ጽፈዋል ሰዎች ከስሩ። በማይኩ የገባው ድምፅ የሕዝቡ ብቻ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት፣ ፍጥነቱን ቀንሼም ሰማሁት። የለም።

ሰኞ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔም ዘፈንኩብህ።»

እጄን መታ መታ አደረገ።

«አሁን ዝፈንልኝ። ለኔ ብቻ። ማንም የለም።»

ራሱን ነቀነቀ። እምቢታው በቁጣ አይደለም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ እናቴ ታደርገው እንደነበረው። ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም። ውሃ ሲፈልግ ጠቆመኝ። ጋሽ ሸምሱ ሲደውሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ አዳመጠና መልሶ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የሚቆጥበው ነገር እንዳለ ገብቶኝ ነበር፤ ለማን እንደሚቆጥበው ግን አልገባኝም።

13

ማክሰኞ ጠዋት፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ። አባቴ በተሽከርካሪ አልጋ ተኝቷል፤ አረንጓዴ ቆብ አድርገውለታል። ነርሷ ወጣት ናት፤ እጁ ላይ የታሰረውን ስም እያየች ጠየቀች።

«የታማሚው ስም?»

«ይርዳው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ይቅርታ፣ እህቴ። ከራሳቸው አፍ ነው መስማት ያለብኝ። ደንብ ነው።»

ዞር ብላ ጎንበስ አለችለት። አባቴን አታውቀውም፤ ዕድሜዋም አይደለም።

አባቴ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሽ ሳበ፣ ረጅም፣ ሊዘፍን ሲል እንደሚስበው። እኔ አፌን ገጥሜ ያዝኩ፤ የሚለውን በእኔ ቃል አልጽፍበትም፣ ቦታውን ትቼለታለሁ።

«ሙሉ ስምዎን፣ አባባ? ማን ልበል?»

«                                                            »